የሁለት ዓመት እጥፋት

መስከረም 20

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። አንቺንም፣ ባልሽን ረጅሙንም፣ ልጅሽን አይጢትንም ጤና ይስጥልኝ። የረጅሙን እናትም ጤና ይስጣት፤ በማላውቃት ሴት ላይ ክፉ አልመኝም። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ባልሆንም የሚጠይቀኝ የለምና ደኅና ነኝ ማለቱ ይቀላል።

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርት ቤቱ መምህር ፊደሎቼን አይቶ «እማማ፣ እነዚህ ሁሉ ወዴት ነው የሚያዘነብሉት?» አለኝ። «የወንድሜ ልጅ ወደ ሄደችበት» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አባትሽ በልጅነቱ ደብተር ይዞ ሲወጣ እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ክር እጠቀልል ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከነጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ስልክ እየደወልሽ ልቤን አታድክሚው። ስልክ ላይ የተባለ ነገር ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ደብዳቤ ግን እደጋግመዋለሁ፤ የደበቅሽኝ ነገር ካለም በሦስተኛው ንባብ አገኘዋለሁ።

ሱቁ እንደነበረ ነው። የአንቺ የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። የጫማ ሰፊው ሚስት መጥታ «ልጅቷ እስክትመለስ እኔ ልቀመጥበት?» አለችኝ። «ወንበሩ ሰው አለው» አልኳት። ዞር ብላ ባዶውን ወንበር አየችና «አዎ፣ በጣም ቀጭን ሰው ነው» አለች። የዚህች ሴት ምላስ ከመቀሴ የተሳለ ነው።

ረጅሙ ግንባሩን በሱቁ ጉበን መምታት ሲሰለቸው ጉበኑን ነቅሎ ከፍ አድርጎ ሠራው አይደል? መዝጊያውን ግን ሳይቀጥልበት ሄደ። «ስመለስ እቀጥለዋለሁ» አለኝ፣ በዚያ በሚሰባበር አማርኛው። አሁን ከላይ በኩል አቧራው እንደ ደንበኛ ሳያንኳኳ ይገባል። ለራሱ ቁመት በር ከፍቶ አቧራውን ለእኔ ተወልኝ።

ለአይጢት ቀሚስ በፖስታ ልኬያለሁ። ቢጫው ጨርቅ ነው፣ ቁርጥራጩን በጥርሷ እየጎተተች ታስቸግረን የነበረው። መቼስ አይጥ ያልኳት በከንቱ አይደለም። ጫፉን ስትገለብጪው እጥፋቱን ታገኛለሽ፤ ድርብ ነው። ዓመቱ ሲጋመስ አንዱን ፍቺላት፣ ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ ሌላውን። በእኛ ቤት ልብስ ለዛሬ ቁመት ተሰፍቶ አያውቅም፤ አንቺም ያደግሽው በእጥፋት ነው። «አባቱ ሞተው እናቱ ብቻቸውን ስለቀሩ ነው እንጂ፣ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው እትዬ» ብለሽ እጄን ይዘሽ የነገርሽኝን እኔ በጨርቅ ጻፍኩት። እጥፋቱ ሲያልቅ እዚህ ናችሁ፤ አዲሱን ያኔ እሰፋላታለሁ።

አክስትሽ


ኅዳር 14

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናና ሰላም ከደጅዎ አይራቁ፤ ዓይንዎም እጅዎም እንደ ልብዎ ይታዘዙልዎ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። መልሱ የዘገየው ረስቼዎት እንዳይመስልዎ። ቁጭ ብዬ ስጀምር አንዱ ይጠራኛል፣ ሌላው ይወድቃል፣ ሦስተኛው ያለቅሳል።

ቤቱን ልንገርዎ። ታች የባለቤቴ አባት የእንጨት ሥራ ቤት ነው፤ በርና መስኮት የሚሠራበት። ላይ ሦስት ጠባብ ክፍሎች አሉ። የኮላና የእንጨት ሽታ በደረጃው እየወጣ አልጋችን ድረስ ይመጣል፤ የእንጨት ፍቅፋቂ ካልሲያችን ውስጥ እናገኛለን። ሟቹ ሰውዬ ቃል ገብተውላቸው ያልጨረሱላቸው ሰዎች እየመጡ «መስኮቴስ?» ይላሉ። ባለቤቴ «እሺ፣ እሺ» እያለ የአባቱን እሺታ ሁሉ እየከፈለ ነው።

አማቴ አጭር ሴት ናቸው። ቁልፎቻቸውን በወገባቸው ታጥቀው ሲሄዱ መምጣታቸው ከሩቅ ይሰማል። ብዙ አይናገሩም፤ ቢናገሩም እኔ ቋንቋቸውን አልሰማም። በገባን ማግስት ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ሳይ ግማሹን አጽድተው ለቀውልናል። የራሳቸውን ልብስ በካርቶን አድርገው አልጋቸው ሥር ከተውታል። «ለምን?» ብዬ በእጄ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም በእጃቸው «እኔ አንድ ነኝ፣ እናንተ ሦስት» አሉኝ።

እኔ እዚህ አፍ የለኝም እትዬ። ዳቦ ቤት ገብቼ በጣቴ ነው የምጠቁመው፤ ሻጯም እንደ ሕፃን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታናግረኛለች። አይጢት ትምህርት ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰችም አሉ። ቤት ስትገባ ግን የቀኑን ሁሉ አጠራቅማ ጆሯችንን ታደነቁረዋለች።

ቀሚሱ ደርሷል። ልክክ ብሎላታል። ትምህርት ቤት በጀመረችበት ቀን ለብሳው ሄደች፤ ያየ ሁሉ አደነቀው። እጅዎ ይባረክ።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺና ለቤትሽ ይሁን፤ የእግርሽ መንገድ አይሰናከል። እኔን ወገቤን ያመኛል፤ ይኸ ግን ዜና አይደለም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሴትዮዋ ቁም ሣጥኗን ለቀቀችላችሁ? ደግ። እኔ ሙሉ ልጄን ለቅቄላታለሁ፤ ግማሽ ቁም ሣጥን ምን ያህል ነው? ይሁን፣ ደግ ነገር ደግ ነው፤ አልቀማትም።

አንድ ቃል ግን ጎረበጠኝ። «ልክክ ብሎላታል» አልሽ። አንቺ ሰፊ ነሽ፤ መቀስ የያዝሽው ከእኔ እጅ ነው። ድርብ እጥፋት ያለው ቀሚስ ልክክ አይልም። ከታች ይከብዳል፣ ሲሮጡበት ጉልበት እየመታ ይመለሳል። ስትሮጥ ሳይሆን ቆማ ያየሻት እንደሆነ እንጃ። ፎቶ ላኪልኝ። ቆማ። ከነእግሯ።

ቁመቷንም በክር ላኪልኝ። በትከሻዋ፣ በወገቧና በጉልበቷ ላይ ቋጠሮ አድርጊበት። ቁጥር አትጻፊልኝ። ቁጥር ከተማርኩ ወዲህም እምነቴ በክር ነው፤ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉት የደንበኞቼ ክሮች አንዱም ዋሽቶኝ አያውቅም። ያንቺም ከምስማርሽ አልወረደም።

የጫማ ሰፊው ሚስት በበሩ ክፍተት የሚገባውን አቧራ እያየች «ቆርጠሽ በጣውላ ድፈኚው» ትለኛለች። ባለቤቱ ሲመለስ ይቀጥለዋል አልኳት። «የትኛው ባለቤት?» አለች። እኔ አቧራዬን መጥረግ ቀጠልኩ።

አክስትሽ


የካቲት 9

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

የወገብዎን ሕመም እኔ ብይዝልዎ በወደድኩ። ፈጣሪ ብርታቱን ያድልዎ።

ሥራ አገኘሁ። አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ እተኩሳለሁ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ የሚያልፍ ሰው ጫማ ብቻ ነው የሚታየን። በጫማ ሰው መለየት ጀምሬያለሁ። አንሶላውን ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፍ ይዘን እናጥፋለን። አብራኝ የምታጥፈው ወፍራም ሴት ስሜን መጥራት ቢያቅታት «ዝምታ» አለችኝ፤ አሁን ሁሉም ዝምታ ይሉኛል። እርስዎ ቢሰሙ «ያቺ ለፍላፊ?» ብለው ይስቃሉ።

ከሥራ ስመለስ አማቴ መስኮቱ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እየጠበቁኝ እንደሆነ ግን አያስታውቁም፤ ቀና ስል መስታወቱን መወልወል ይጀምራሉ። በቤታችን ከዚያ መስኮት የጠራ መስታወት የለም። አይጢትን ትምህርት ቤት የሚወስዷት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጫማዋን ምድጃው አጠገብ አድርገው ያሞቁላታል። እኔ ያላሰብኩትን ያስባሉ።

ክሩን በዚህ ውስጥ አገኙት። ፎቶውም አለ። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ነው፤ ቆማ የተነሳችው ደብዝዛ ወጣችብን።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 3

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ።

ደብዝዛ ወጣችብን አልሽ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ክሩ እንደሚለኝ አይጢት በትከሻዋና በጉልበቷ መሃል አድጋለች። እስካሁን የመጀመሪያውን እጥፋት ፈትተሽላት «እትዬ፣ ፈታሁት» ብለሽ ልትጽፊልኝ ይገባ ነበር። አልጻፍሽም። በደብዳቤሽ ስለ አንሶላው፣ ስለ ጫማው፣ ስለ መስታወቱ አለ። ስለ ቀሚሱ የለም።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። እጥፋቱ የት ገባ?

አክስትሽ


ግንቦት 17

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

እግርዎ ላይ ወድቄ ሰላም እላለሁ። እንዲህ የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጀምር ስለጠፋኝ ነው። እንግዲህ ልጀምር።

እጥፋቱ ተቆርጧል። የቆረጡት አማቴ ናቸው።

እንዲህ ነው የሆነው። ትምህርት ቤት ልትጀምር ዋዜማው ላይ ቀሚሱን ሊተኩሱላት ይዘው ተቀመጡ። ጫፉን ሲይዙት ወፍራም ነው፣ ተጣጥፏል፣ በሰፋፊ ስፌት ተይዟል። የቸኮለ ሰው ሳይጨርሰው የላከው መሰላቸው። ለእኔ ነግረው እርስዎን እንዳያሳፍሩብኝ ሰጉና ድምፃቸውን አጥፍተው ትርፉን ቆርጠው ዘመዘሙት። ከተቆረጠውም ለአይጢት ሁለት የፀጉር ማሰሪያ ሠሩላት። ጠዋት እሷ በቢጫ ቀሚስ፣ በቢጫ ማሰሪያ ደረጃውን እየዘለለች ስትወርድ፣ እሳቸው ከኋላዋ ደስ ብሏቸው ሲያዩኝ፣ ምን ልበል? በአማርኛ ጮህኩ። እሳቸው አመሰገነችኝ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ከዚያ ወዲያ ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። እርስዎ «የት ገባ?» ብለው ሲጽፉልኝ ግን መሸሸጊያ አጣሁ። እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት፣ እሱም ለእናቱ። እጥፋቱ ለምን እንደነበር እስኪገባቸው ድረስ ሰሙት። ከዚያ «ምን ያህል ነበር?» አሉ። «የሁለት ዓመት» አላቸው። «የሁለት ዓመት ጨርቅ ነው የቆረጥኩት?» አሉና ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ያሳደግሁት አንድ ልጅ ነው። ያጠረውን ለጎረቤት ነበር የምንሰጠው። እንዲህ የሚያስብ እጅ መኖሩን በምን አውቃለሁ?»

በማግስቱ የክት ካፖርታቸውን አወጡ፤ ባላቸውን የቀበሩበትን ጥቁሩን። ገበሩን ተረተሩት። ሰማያዊ ነው፣ እንደ ውኃ የሚያብለጨልጭ። ከእሱ ረጅም ቁራጭ አውጥተው፣ አይጢትን የፀጉር ማሰሪያዎቿን ለመኗት። ለቅሶ፣ ድርድር፣ እግር መሬት መምታት። አንዱን ሰጠቻቸው፤ አንዱን ግን ጥርሷን አሳይታ አስቀረችው። ያንን ቢጫና ያንን ሰማያዊ አቀናጅተው ከቀሚሱ ጫፍ ቀጠሉበት። እኔ ላግዝዎ ብል «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብለው መርፌውን አልሰጡኝም።

ሲጨርሱ ለልጅቷ አላለበሱትም። «መጀመሪያ ሰፊዋ ትየው» አሉ። ይኸው ልኬዋለሁ። ካፖርታቸውን አሁን ያለ ገበር ነው የሚለብሱት፣ ውጪው ገና ብርድ ነው።

ደብቄዎት ስለቆየሁ ይቅር ይበሉኝ። የፈራሁት እርስዎን ብቻ አልነበረም። እርስዎ ሳያውቋቸው እንዳይጠሏቸው ፈርቼ ነው።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ


ነሐሴ 11

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ የቤትሽ መሠረት አይናወጥ። ቀሚሱ ደርሶኛል። ከደረሰኝም ቆይቷል፤ መልሱን ያዘገየሁት አውቄ ነው።

እውነቱን እንደ ሆነ ልጻፍልሽ። መጀመሪያ ደብዳቤውን ሳነብ ደሜ ፈላ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። የእኔን እጅ የቸኮለ እጅ አለችው! ሰፋፊ ስፌት የሰፋሁት በቀላሉ እንዲፈታ መሆኑን የማታውቅ ሴት መቀስ ማን ሰጣት? እያልኩ ጥቅሉን ሳልፈታ ብዙ ቀን ቁርጥራጩ ላይ ጣልኩት። በመጨረሻ የፈታሁት ነውር ልፈልግበት ነው።

መነጽሬን አድርጌ ገለበጥኩት። ውስጡ ከውጪው አይለይም። ይዤ ጎተትኩት፣ አልላላም። በጥፍሬ ክሩን ልስበው አልኩ፣ ጥፍሬ ተመለሰ። ክሩ ይወጣል፣ ይመለስና ራሱን አንቆ ይይዛል፣ ከዚያ ደግሞ ይቀጥላል። አንዱ ቢበጠስ ቀሪው አይተረተርም። እንዲህ ያለ ስፌት በልብስ ላይ አይቼ አላውቅም፤ ይህን ያህል ዘመን ስሰፋ።

የጫማ ሰፊው ሚስት ገብታ «ምነው ዝም አልሽ? ሞተሽ ነው?» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ እያነበብኩ ነው።»

«ቀሚስ?»

«አዎ፣ ቀሚስ።»

እሷም ጎንበስ ብላ አየችው። ባሏ ጫማ ስለሚሰፋ ጠንካራ ስፌት ታውቃለች። ምላሷን እንኳ አልመዘዘችም። «ይህቺ ሴት ማን ናት?» ብቻ አለች። «የልጄ አማት» ብዬ ስመልስላት ድምፄ ውስጥ ኩራት ሰማሁና ደነገጥኩ። የእኔ ነገር አይደለም እኮ፣ ምን አኮራኝ?

በዕድሜዬ ብዙ ሰው በድሎኛል። ይቅርታ ያለኝ ጥቂት ነው። ከካፖርቱ ቆርጦ የሰጠኝ ግን አንድም የለም።

ያለ ገበር ካፖርት ወንፊት ነው። በጥቅሉ ውስጥ የገበር ጨርቅ አለ። ከመደርደሪያው ላይኛው በኩል ያለው ነው፣ ለማንም ሳልቆርጥ ያቆየሁት፤ ታውቂዋለሽ። ንገሪያቸው፣ ከብብቱ ሥር ትንሽ ላላ አድርገው ይስፉት፣ አለዚያ ክንድ ሲያነሱ ይጎትታል። ቀሚሱንም መልሼዋለሁ፤ አይጢት ትልበሰው። አንድ ነውር ግን አግኝቼበታለሁ፤ ባላገኝ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሰማያዊውን ጨርቅ በጥቁር ክር ነው የሰፉት። ይህንንም ንገሪያቸው።

ደግሞም ጠይቂልኝ፣ ሥራቸው ምን ነበር? ይህ እጅ ቤት ውስጥ ብቻ የቆየ እጅ አይደለም።

መጪው አዲስ ዓመት ሁለተኛው ዓመታችሁ ነው። መዝጊያው ሰውዬውን እየጠበቀ ነው፣ ወንበርሽም አንቺን። መቼ እንደምትመጡ ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 2

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎ፤ ጉልበትዎን ያድስልዎ።

ገበሩ ደረሰ። አማቴ ጉንጫቸው ላይ አድርገውት ቆዩ። እርስዎ እንዳሉት ከብብቱ ሥር ላላ አድርገው ሰፉት። የመጀመሪያ ቀን ለብሰውት ሲወጡ፣ መንገድ ላይ ያገኟትን ጎረቤት አስቁመው፣ በዚያ ብርድ ካፖርቱን ከፍተው ውስጡን አሳዩዋት። የጥቁሩን ክር ነገር ባለቤቴ ሲነግራቸው ደግሞ ቁልፎቻቸው እስኪንሿሹ ሳቁ። «ሰማያዊ ክር ቤት ውስጥ አልነበረም። አታይም ብዬ ነበር። አየችኝ!» አሉ።

ሥራቸውን ጠየቅኋቸው። ከማግባታቸው በፊትም በኋላም መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። የታተመውን ወረቀት እያጠፉ፣ በመርፌና በክር እየሰፉ መጽሐፍ የሚያደርጉ። ስፌቱ ያ ነው። አንዱ ክር ቢበጠስ ገጾቹ እንዳይበተኑ እንዲያ ይሰፋል አሉኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ተነስተው ግድግዳው ጋ ቀጥ ብለው ቆሙና ክር ሰጡኝ። «ለኪኝ» አሉ። «ሁሉንም ደንበኛ ምስማር ላይ ትሰቅላለች አላልሽም? እኔንም ትስቀለኝ።» ምንም ስፊልኝ አላሉም፣ ክሬ እሷ ዘንድ ይኑር ነው ያሉት። ይኸው፣ ከዚህ ጋር አለ፤ የቀኝና የግራ ትከሻው፣ የወገቡ፣ የቁመቱ፣ እየለየሁ አስሬዋለሁ።

አይጢት አሁን ትናገራለች። አስተማሪዋ «ዝም በይ» ማለት ጀምራለች፤ እኛ በደስታ ሰማን። ባለቤቴ አንድ ሠራተኛ ቀጥሯል፤ በሩ ላይ ካለው ከአባቱ ስም ሥር የራሱን ጻፈ። እኔ ከሆቴሉ ወጣሁ። አማቴ ከእንጨት ሥራ ቤቱ የኮላ ጣሳዎቹን አንስተው ጥጉን አጸዱልኝ፤ መስኮት ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ሰው ይመጣል። ዝምታ የሚለኝ ግን ቀርቷል፤ አፌ ተፈትቷል።

ለአይጢት አንድ ቀሚስ ቢሰፉላት? ክሯን ልኬያለሁ። እጥፋቱን ግን ከበፊቱ ሰፋ ያድርጉት። አደራ። ስለ ሌላው ነገር ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ


ጥር 15

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለባልሽ፣ ሰላም ለአይጢት፣ ሰላም ለእህቴ ለአማትሽ። የእጃችሁ ሥራ ይባረክ፤ ያቆማችሁት አይፍረስ።

ደብዳቤሽን አነበብኩት፣ ደገምኩት፣ በሦስተኛው ላይ አገኘሁት። «ሰፋ ያድርጉት።» ለሁለት ዓመት ስትይኝ ድርብ ተውኩልሽ። ከዚያ የሚሰፋው ለምን ያህል ጊዜ ነው? ሌላው ነገር ያልሽውን በሌላ ደብዳቤ አትጻፊልኝ፤ ጽፈሽዋል። አትመለሱም።

ተናድጃለሁ። አልዋሽሽም። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ መቀሱን ይዤ፣ ሳልቆርጥ ቆሜ ዋልኩ። የጫማ ሰፊው ሚስት አየችኝ።

«ልጅሽ አትመጣም አይደል?»

«አትመጣም።»

ለአንዴ እንኳ አላሾፈችም። ባዶውን ወንበር አየችና «ታዲያ ያ ቀጭን ሰውዬ ከወንበሩ ይነሳ?» አለች። እንባዬ ሊመጣ ሲል ሳቅ ቀደመው። «ቁጭ በይ» አልኳት። ቁጭ አለች። ክር መርፌው ውስጥ ማስገባት ታውቃለች፤ ቅድ ላይ ግን ገና ናት። እሰድባታለሁ፣ ትሰድበኛለች፤ ሱቁ ድምፅ አገኘ።

ቁጣዬን ጽፌልሻለሁ፤ አሁን ሌላውን ልጻፍ። አባትሽ ደብተር ይዞ ወጥቶ ከዚህ ሰፈር አላለፈም። እኔ ከዚህ ሱቅ አላለፍኩም። አንቺ አፍ በሌለሽ አገር በጣትሽ እየጠቆምሽ ገብተሽ፣ የሰው ጫማ ከሚታይበት ምድር ቤት ወጥተሽ፣ የራስሽን ጠረጴዛ መስኮት ሥር ዘረጋሽ። ከዘራችን ይህን ያደረገ የለም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለጫማ ሰፊው ሚስት ግን ዕለት ዕለት እነግራታለሁ፤ ሰልችቷታል።

የእህቴን ክር ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። የቀኙ ትከሻ ከግራው ይወርዳል። ወረቀት ተሸክመው ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የእኔም የሚወርደው በቀኝ ነው፣ ከጨርቅ ጥቅል። ለካ እኔ ፊደል ሳላውቅ በር ላይ ክር ስጠቀልል፣ አንዲት ሴት ሩቅ አገር ቁጭ ብላ ፊደል ትሰፋ ኖሯል። ያን ጊዜ ባውቃት አልቀናባትም ነበር? እቀናባት ነበር። አሁን ግን ይህን ደብዳቤ ስጽፍ የምታነበው ይመስለኛልና ፊደሎቼን ቀጥ ለማድረግ እሞክራለሁ። መምህሩም አስተውሎታል።

ክራቸውን ካንቺ ክር አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ምንም ስፊልኝ ባይሉም ቀሚስ ሰፍቼላቸዋለሁ። የቀኙን ትከሻ ከውስጥ በጨርቅ ሞልቼዋለሁ፤ ሲለብሱት ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። የሞላሁትን ከውጪ ማንም አያየውም። እሳቸው ገልብጠው እንደሚያዩት ግን አውቃለሁ፤ ይዩት።

ለረጅሙ ንገሪው፣ መዝጊያውን አናጢ ጠርቼ አስቀጥዬዋለሁ። አቧራው ቆሟል። አናጢው «ጉበኑን ዝቅ ባደርገው ይቀል ነበር» ብሎኝ ነበር። አይሆንም አልኩት። ለጥየቃ ስትመጡ ረጅሙ ግንባሩን ሊሰብር ነው እንዴ?

የአይጢት ቀሚስ ከሁሉ በታች ነው። ገልብጠሽ እጥፋት እንዳትፈልጊ፤ አልተውኩለትም። ለዛሬ ቁመቷ ነው ልክክ አድርጌ የሰፋሁት፤ መርፌ ከያዝኩ እንዲህ ስሰፋ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሲያጥራት ለእህቴ ስጫት። ትቀጥልበታለች።

ሰማያዊው ክር ኪሱ ውስጥ አለ።

አክስትሽ